ቦት ጫማ የእርሻ መሣሪያ ነው
ለልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የቀረበ አስተያየት

መግቢያ

ከሸኮና ከሚዛን ተፈሪ እስከ ቴፒ ያለው የቡና ምድር ዝናቡ የበዛ፣ ጥላው የከበደ፣ አፈሩም አብዛኛው ቀይ ሸክላ የሆነ አገር ነው። ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ላይ በሚገኘው በቴፒ የምርምር ጣቢያ በዓመት በአማካይ ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ይመዘገባል። ዝናቡ መጥቶ ቶሎ የሚያልፍ ሳይሆን ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምት የሚዘልቅ ነው። ስለዚህ የዚህ አገር ገበሬ ከዓመቱ የሥራ ቀናት አብዛኛውን የሚያሳልፈው በእርጥብ አፈር ላይ ቆሞ ነው።

የኅብረት ሥራ ማኅበራት ለአባሎቻቸው የሚያስፈልገውን የሥራ ዕቃ ሲዘረዝሩ ገጀራ፣ የመግረዣ መቀስና መጋዝ፣ የችግኝ ማፍያ ፕላስቲክ፣ ጆንያ፣ የማድረቂያ አልጋ ሽቦ ይጽፋሉ። ቦት ጫማ በዝርዝሩ ውስጥ እምብዛም አይገባም። ምክንያቱም ቦት እንደ ልብስ ስለሚቆጠር ነው፤ ልብስ ደግሞ የየሰው የግል ጉዳይ ነው ይባላል። እኛ በዚህ አንስማማም። ገጀራ የእጅ መሣሪያ እንደሆነ ሁሉ ቦትም የእግር መሣሪያ ነው። መሣሪያ ከሆነ ደግሞ እንደ መሣሪያ በልክ ሊመረጥ፣ በጋራ ሊገዛ፣ በየቀኑም ሊጸዳ ይገባዋል። በዚህ ጽሑፍ ምክንያቱንና አሠራሩን እናቀርባለን።

1. ባዶ እግር የሚያስከፍለው ዋጋ

በዚህ አገር አፈር ላይ ባዶ እግሩን የሚውል ሰው የሚከፍለው ዋጋ ብዙ ዓይነት ነው። ከሁሉ አስከፊው ዝሆኔ የሚባለው የእግር እብጠት ነው። ዝሆኔ 2 መንስኤዎች እንዳሉት የልማት ሠራተኞች ሊያውቁ ይገባል። አንደኛው በወባ ትንኝ ዓይነት ነፍሳት ንክሻ የሚተላለፍ ትል ነው። ሁለተኛው ግን ከነፍሳት ጋር ግንኙነት የለውም፤ የሚመጣው ከአፈሩ ከራሱ ነው። ከእሳተ ገሞራ አለት በተገኘ ቀይ ሸክላ አፈር ውስጥ ያሉ እጅግ ደቃቅ ቅንጣቶች በባዶ እግር ቆዳ ውስጥ ሰርገው ይገቡና የእግሩን የፈሳሽ መተላለፊያ ቱቦዎች ያቆስላሉ፤ እግሩም እያበጠ፣ እየጠጠረና እየተጎረባበጠ ይሄዳል። ይህን የበሽታ ዓይነት በኢትዮጵያ ለዓመታት ያጠኑትና ፖዶኮኒዮሲስ የሚለውን ስም የሰጡት ሐኪሙ ኧርነስት ፕራይስ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2011 እ.ኤ.አ. ችላ ከተባሉ የሐሩር ክልል በሽታዎች ጋር አካቶታል። በ2017 እ.ኤ.አ. በወጣ ግምት በኢትዮጵያ 1.5 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ይህ ሕመም አለባቸው።

በሽታው የሚገኘው ከፍታቸው ከ1,000 ሜትር በላይ በሆነና በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ በሚያገኙ ቀይ አፈር ባለባቸው ሥፍራዎች ነው። የሸኮ ዳገቶችም ሆኑ የቴፒ አካባቢ በዚህ መግለጫ ውስጥ ይገባሉ። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ደጋግሞ ስለሚታይ እርግማን ነው የሚሉ አሉ። የሚወረሰው ግን ተጋላጭነቱ ነው፤ እግሩን ከልጅነቱ ጀምሮ ከአፈር የጠበቀና በየቀኑ የታጠበ ሰው ሊከላከለው ይችላል። ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ስለሆነም ታማሚውን ከማኅበር፣ ከዕድርና ከሥራ ማግለል ፍጹም ስሕተት ነው።

ሁለተኛው የመንጠቆ ትል ነው። የዚህ ትል እጭ ሙቀት፣ እርጥበትና ጥላ ያለበትን አፈር ይወዳል። በጥላ ዛፍ ሥር ያለ የቡና ማሳ፣ መጸዳጃ ቤት በማይዘወተርበት ቦታ፣ ለዚህ እጭ የተደላደለ ቤት ነው። እጩ በቆዳ ውስጥ፣ በተለይም በእግር ጣቶች መካከል፣ ገብቶ መጨረሻው አንጀት ላይ ይሆንና ደም ይመጣል። ደም ያነሰው ሰው ይደክመዋል፤ ዳገት ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል። ሰነፍ ተብሎ የሚታማው ሠራተኛ አንዳንድ ጊዜ ደሙን ትል የመጠጠው ሰው ነው። በነፍሰ ጡር ሴት ላይ ሲሆን ደግሞ ጉዳቱ ለ2 ነፍስ ነው።

ከነዚህም ሌላ ሙጀሌ አለ፤ እሾህና ጉቶ አለ፤ ከቡና ሥር ቁጥቋጦ ሲመነጠር በእርጥብ እጀታ የሚያመልጥ ገጀራ አለ፤ እባብ አለ። እባብ ብዙውን ጊዜ የሚነድፈው ከጉልበት በታች ያለውን የእግር ክፍል ነው። የጎማ ቦት የገጀራን ስለት ሙሉ በሙሉ ያቆማል ወይም ማንኛውንም የእባብ ጥርስ ይመልሳል አንልም፤ ነገር ግን ባዶ ቆዳን ከሚነካ ስለትና ጥርስ ይልቅ ቦትን የሚነካው የሚያደርሰው ጉዳት እንደሚያንስ ማንም ያውቃል።

ለኅብረት ሥራ ማኅበር ይህ ሁሉ የጤና ጉዳይ ብቻ አይደለም። ቡና ሲቀላ ቀን አይሰጥም። እግሩ የቆሰለ ለቃሚ በለቀማው ወራት ለ10 ቀን ቤት ቢውል፣ በወቅቱ ያልተለቀመው ቀይ ቡና ዛፉ ላይ ይደርቃል ወይም መሬት ላይ ይረግፋል። ለማጠቢያ ጣቢያው የሚደርሰው እሸት ቡና በመጠንም በጥራትም ይቀንሳል ማለት ነው።

2. ስለሚቀርቡ ተቃውሞዎች

"አባቶቻችን በባዶ እግራቸው አርሰው ኖረዋል፤ የጠነከረ ውስጥ እግር ከቦት ይበልጣል" የሚል ክርክር በየስብሰባው ይሰማል። ውስጥ እግር መጠንከሩ እውነት ነው። ነገር ግን የጠነከረ ቆዳ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ በተረከዝ ላይ የሚታየው ንቃቃትም ለአፈሩና ለቁስል አምጪ ተዋሕስያን የተከፈተ በር ነው። በጣቶች መካከል ያለው ቆዳ ደግሞ የቱንም ያህል ባዶ እግር ቢኬድ ስስ ነው። አባቶቻችን ኖረዋል ስንል፣ እግራቸው አብጦ ከገበያና ከለቅሶ ቤት የቀሩትን አለመቁጠር ይሆናል።

አንዳንዶችም አበበ ቢቂላን ይጠቅሳሉ። አበበ በ1952 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ሮም ውስጥ በባዶ እግሩ ሮጦ ማሸነፉ የታወቀ ነው። ባዶ እግሩን የሮጠበት አንዱ ምክንያት ግን የቀረበለት ጫማ እግሩን ስላልተመቸው እንደሆነ ይነገራል። ከ4 ዓመት በኋላ በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ ሮጦ ደግሞ አሸንፏል። ከዚህ ታሪክ ለእኛ የሚጠቅመው ትምህርት ባዶ እግር ይሻላል የሚል አይደለም፤ ልክ ያልሆነ ጫማ ከባዶ እግር አይሻልም የሚል ነው። ወደዚህ ነጥብ ኋላ እንመለሳለን።

ሌላው ተቃውሞ "ቦት ያሞቃል፣ እግር ያሸታል፣ ያቆስላል" የሚለው ነው። ይህ ተቃውሞ ተገቢ ነው፤ የሚያስከትለው ግን ቦትን መተው ሳይሆን አያያዙን ማወቅ ነው። ካልሲ ሳይደረግበት፣ ሳይታጠብና ሳይደርቅ በየቀኑ የሚደረግ ቦት በእርግጥም በጣቶች መካከል ሻጋታ ያበቅላል፤ ውስጡ የቀረው ቀይ አፈርም ሲፋተግ ይውላል።

"ዋጋው ከአቅም በላይ ነው" የሚለው ተቃውሞ ከሁሉ የከበደ ነው። ለዚህ ያለን መልስ በክፍል 8 የምናቀርበው የጋራ ግዢ ነው።

3. የትኛው ቦት ለየትኛው ሥራ

በየሱቁ የሚገኙት በ3 ሊከፈሉ ይችላሉ።

ሀ/ የጎማ ቦት። ሲታጠፍ እሺ የሚል፣ ውኃ የማያስገባ ነው። ለጭቃ፣ ለችግኝ ጣቢያ፣ ለቡና ማጠቢያ ጣቢያና ለምንጣሮ ይህን የሚተካከል የለም። ጠላቶቹ ዘይት፣ ናፍጣ፣ ላምባና የፀሐይ ሐሩር ናቸው።

ለ/ የፕላስቲክ ቦት። በመልኩ የጎማውን ይመስላል፤ ዋጋውም ይቀንሳል። ደረቅ ያለ በመሆኑ ግን በእግር መታጠፊያው ላይ ቶሎ የመሰንጠቅ ጠባይ አለው። ሰው ብዙ በማይራመድበት ሥራ፣ ለምሳሌ በማጠቢያ ጣቢያ ገንዳ ዙሪያ፣ ያገለግላል። ቀኑን ሙሉ ዳገትና ቁልቁለት ለሚሄድ ግን አንመክረውም።

ሐ/ የቆዳ ቦት። ለእግር ይተነፍሳል፤ በበጋ ወራትና ለረጅም መንገድ ምቹ ነው። በዝናቡ ወራት ግን ሳይደርቅ ይከርማል፤ ይሻግታል፤ ስፌቱም ይበሰብሳል። ከሁሉ በላይ ማስታወስ የሚገባው ነገር ቢኖር የቆዳ ቦት ለፀረ ተባይና ለፀረ አረም ርጭት ፈጽሞ የማይሆን መሆኑ ነው። ቆዳ መርዙን ይመጣል፤ ከመጠጠ በኋላም ታጥቦ አይለቅም፤ በየቀኑም ወደ እግር ያሳልፈዋል።

በረባሶና ሸራ ጫማ የብዙ ሰው ጫማ እንደሆኑ እናውቃለን። በረባሶ ከእሾህ ይከላከላል፤ ከአፈር ግን አይከላከልም። ሸራ ጫማ ከባዶ እግር እጅግ ይሻላል፤ ነገር ግን ርጥበቱን ይዞ ይውላል።

አንድ ቤተሰብ 1 ጥንድ ብቻ መግዛት የሚችል ከሆነ የእኛ አስተያየት ይህ ነው፦ እስከ ባት አጋማሽ የሚደርስ የጎማ ቦት ከ2 ጥንድ የጥጥ ካልሲ ጋር። በአፍንጫው ብረት ያለው ከባድ ቦት ለዕንጨት ሥራና ለመጋዘን እንጂ ለቡና ለቀማ አያስፈልግም፤ ክብደቱ በዳገት ላይ ያደክማል። እስከ ጉልበት የሚደርሰውም ቢሆን ውኃ ውስጥ ገብቶ ለማይሠራ ሰው ሙቀት ከመጨመር በቀር ብዙ አይጠቅምም።

4. ስለ ልክ

ብዙ ቦት ተገዝቶ ቆጥ ላይ የሚቀረው በጥራት ጉድለት ሳይሆን በልክ ጉድለት ነው። በባዶ እግሩ ያደገ ሰው እግር ከፊት በኩል ሰፋ ያለ፣ ጣቶቹም የተራራቁ ናቸው። ለከተማ እግር የተሠራ ጠባብ ቦት ለእንዲህ ያለው እግር እሥር ቤት ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ትንሽ ጣቱ ውኃ ይቋጥራል፤ ከዚያ በኋላ ቦቱ ገበያ ለመሄጃ ብቻ ይሆናል፤ በመጨረሻም ይተዋል። ስለዚህ ከርዝመት ጋር ስፋትን ማየት ግዴታ ነው።

አለካኩ እንደሚከተለው ነው።

1ኛ/ ልኬቱ ከሰዓት በኋላ ይደረግ። እግር ቀኑን ሲቆምበት ውሎ በመጠኑ ያብጣልና።

2ኛ/ ሰውዬው ካልሲ አድርጎ፣ ተረከዙን ግድግዳ አስደግፎ፣ በወረቀት ላይ ይቁም። ተቀምጦ የተለካ እግር ያንሳል።

3ኛ/ ከግድግዳው እስከ ረጅሙ ጣት ጫፍ ያለው ርዝመት፣ እንዲሁም የእግሩ ሰፊ ቦታ በሴንቲ ሜትር ይለካ። ሁለቱም እግሮች ይለኩ፤ የሚወሰደው የትልቁ ልክ ነው።

4ኛ/ በርዝመቱ ላይ 1.5 ሴንቲ ሜትር ተደምሮ በ1.5 ሲባዛ በጫማው ላይ የሚጻፈው ቁጥር በግምት ይገኛል። በዚህ ስሌት 23 ሴንቲ ሜትር ለ37፣ 24 ለ38፣ 25 ለ40፣ 26 ለ41፣ 27 ለ43፣ 28 ለ44 ቁጥር ይሆናል። እግሩ ሰፊ ለሆነ ሰው 1 ቁጥር መጨመር ይበጃል።

ፋብሪካዎች ቁጥሩን አንድ ዓይነት ስለማያደርጉት ብዙ ጥንድ ከመታዘዙ በፊት ከየቁጥሩ 1 ናሙና አስመጥቶ ማስሞከር ያስፈልጋል። ሲሞከር ከጣቶች ፊት አንድ አውራ ጣት የሚያህል ክፍተት ሊኖር፣ ጣቶችም እንደልብ ሊንቀሳቀሱ ይገባል፤ ሲራመዱበት ደግሞ ተረከዝ ከቦቱ ወጥቶ መግባት የለበትም። በጣም የሰፋ ቦት በቁልቁለት ላይ ይጥላል።

ሴቶችንና ልጆችን በሚመለከት አጥብቀን የምንናገረው ነገር አለ። በለቀማ ጊዜ በየማሳው ከሚገኙት ለቃሚዎች ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው። ቦት ሲታዘዝ ግን ከ40 እስከ 43 ያለው የወንድ ቁጥር ብቻ ከመጣ ሴቶቹ የባላቸውን አሮጌ ቦት እየጎተቱ ይሠራሉ፤ ወይም ባዶ እግራቸውን ይቀራሉ። ዝሆኔም ቢሆን መነሻው የልጅነትና የወጣትነት ዕድሜ ነው። ስለዚህ በልኬቱ መዝገብ ላይ የአባሉ ብቻ ሳይሆን የባለቤቱና የልጆቹም ልክ መጻፍ አለበት።

5. ሲገዛ የሚደረግ ፍተሻ

ቦቱ በሁለት እጅ ተይዞ ከጣቶች በላይ ባለው መታጠፊያ ይታጠፍ። ነጭ መስመር ካወጣ ወይም ከተንቋቋ ይተው። ሶሉ ከላይኛው ክፍል ጋር የተገናኘበት ዙሪያ በጣት ተጫን እየተደረገ ይታይ፤ ክፍተት ወይም የማጣበቂያ ጉድለት ካለ በመጀመሪያው ዝናብ ይለቃል። የሶሉ ጥርሶች ጥልቀት ያላቸውና የተራራቁ ይሁኑ፤ ጥቅጥቅ ያሉ ጥርሶች በቀይ ሸክላ ጭቃ ተሞልተው በዳገት ላይ እንደ ሳሙና ያንሸራትታሉ። ታኮ ያለው ሶል በቁልቁለት ይይዛል። ውስጡ በእጅ ተዳብሶ የሚኮሰኩስ ስፌት አለመኖሩ ይረጋገጥ፤ ገበሩም በቀላሉ የማይላቀቅ ይሁን። በጅምላ ከሚገዛው ውስጥ ጥቂቶቹን ከውጭ በኩል እስከ ቁርጭምጭሚት ውኃ ውስጥ አቁሞ ውስጣቸውን ማየት ፍሳሽን ይገልጻል።

ርካሽነት በዋጋው ብቻ አይለካም፤ ዋጋው ለአገልግሎት ወራት መካፈል አለበት። ለምሳሌ ያህል የአንዱ ቦት ዋጋ ከሌላው በግማሽ ቢበልጥ፣ ነገር ግን ርካሹ 6 ወር ውድ የተባለው ደግሞ 18 ወር ቢያገለግል፣ ለ18 ወር ርካሹን 3 ጊዜ መግዛት ግድ ይሆናል። በዚህ ስሌት ውድ የተባለው የርካሹን ግማሽ ወጪ ብቻ ያስወጣል።

6. አያያዝ

ማታ ከሥራ ሲመለሱ ጭቃው ሳይደርቅ ቦቱ በውኃና በብሩሽ ይታጠብ። በሳምንት አንድ ቀን ውስጡም በሳሙና ይታጠብ። ከታጠበ በኋላ በጥላ ሥር፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ፣ በችካል ላይ ተዘቅዝቆ ይሰቀል። ዝናቡ አላደርቅ ሲል የተጨማደደ የጋዜጣ ወረቀት ወይም ደረቅ ገለባ ውስጡ ተጨምሮ ቢያድርና ጠዋት ቢወጣ ርጥበቱን ይመጣል። ሶሌታ ካለው ወጥቶ ለብቻው ይድረቅ።

በዚህ አገር ብዙ ቦት የሚሞተው ምድጃ ዳር ነው። እሳት ጎማውን ያደርቃል፤ የቆዳውን ደግሞ ያኮማትራል፣ ይሰነጥቃል። ቀጥተኛ ፀሐይም እንዲሁ ነው። ቦት ቀስ ብሎ ቢደርቅ ነው ዕድሜው የሚረዝመው።

የቆዳ ቦት ከደረቀ በኋላ ቅባት ይፈልጋል። በአካባቢያችን ሰም ሞልቷል፤ ሞራም አይጠፋም። ጥቂት ሰም ከሞራ ጋር በለስላሳ እሳት አቅልጦ፣ ሲበርድ በጨርቅ በስፌቱና በመታጠፊያው ላይ ማሸት ውኃ እንዳያስገባ ይረዳል። ይህ ቅባት ግን ለጎማ ቦት አይሆንም፤ ስብና ዘይት ጎማን ያላሽቃሉ።

የተቀደደ የጎማ ቦት አይጣልም። ጎሚስታ በከመነዳሪ ቁራጭና በማጣበቂያ እንደ ብስክሌት ጎማ ይለጥፈዋል። ቁም ነገሩ ቀዳዳው ገና የመርፌ ዓይን ሲያክል ማሳየት ነው፤ ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ።

ቦቱ ከመደረጉ በፊት ሁልጊዜ ተገልብጦ ይራገፍ። ጊንጥና እባብ የጨለመና የሞቀ ቦታ ይወዳሉ።

እግርም እንደ ቦቱ መታጠብ አለበት። ማታ በሳሙና ታጥቦ፣ በጣቶች መካከል በደንብ ደርቆ፣ የተሰነጠቀ ተረከዝ ካለም ቫዝሊን ተቀብቶ ማደር ይኖርበታል። ካልሲም በየቀኑ ይለወጥ። እግሩ ማበጥ ወይም ማቃጠል የጀመረው ሰው ሲገኝ የልማት ሠራተኛው ሳይውል ሳያድር ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጋር ሊያገናኘው ይገባል። በጊዜ ከተያዘ በመታጠብ፣ በፋሻና በጫማ እብጠቱ ይቀንሳል።

ርጭት ለሚረጩ ሰዎች ተጨማሪ ደንብ አለ። የሱሪው ጫፍ ከቦቱ ውጭ ይውረድ እንጂ ወደ ውስጥ አይከተት፤ የተንጠባጠበው መርዝ በሱሪው ላይ ወርዶ ቦቱ ውስጥ ይጠራቀማልና። የርጭት ቦት ለብቻው ይለይ፤ ከምንጭና ከወንዝ ርቆ ይታጠብ፤ ከቤት ውስጥም አይደር።

7. ቦት በሽታ እንዳያመላልስ

እስካሁን ቦት ሰውን እንደሚጠብቅ ተናግረናል። ንጹሕ ካልሆነ ግን ማሳን ሊያጠፋ እንደሚችል መደበቅ አይገባም። የቡናን ተክል የሚያጠወልገውና የሚያደርቀው፣ በአፈር የሚኖር የሻጋታ በሽታ በበበቃና በቴፒ የቡና እርሻዎች ጭምር ታይቷል። በምንጣሮ ጊዜ ገጀራ ግንዱን ሲያቆስለው በቁስሉ በኩል ይገባል። በ2004 ዓ.ም. ገደማ በወረርሽኝ መልክ የተነሣው የዝንጅብል አጠውልግ በሽታም ብዙ ገበሬዎችን ዝንጅብል አስትቷል። የዚህ በሽታ ዋነኛ መተላለፊያ የታመመ ዘር ቢሆንም በአፈር፣ በጎርፍና በእርሻ መሣሪያም ይዛመታል። በቦት ጥርስ መካከል ተሸክመን ከማሳ ወደ ማሳ የምናደርሰው ጭቃ እንዲህ ያለውን አፈር ሊይዝ ይችላል።

በአንድ ቀን ብዙ ማሳ የሚረግጠው ደግሞ ገበሬው አይደለም። የልማት ሠራተኛው፣ ተመራማሪውና የማኅበሩ ተቆጣጣሪ ነው። ስለዚህ ይህ ደንብ ከሁሉ በፊት በእኛ ላይ ይጽናል። ከአንድ ማሳ ሲወጣ የቦቱ ጭቃ እዚያው በእንጨትና በብሩሽ ይፋቅ፣ በውኃ ይታጠብ። በሽታ ባለበት ማሳ ከሆነ ከታጠበ በኋላ 1 እጅ በረኪና በ9 እጅ ውኃ በተበጠበጠበት ዕቃ ይነከር፤ ቆይቶም በንጹሕ ውኃ ይለቅለቅ። ጭቃው ሳይፋቅ በረኪና ማፍሰስ ግን ገንዘብን ማፍሰስ ነው፤ አፈሩ የመድኃኒቱን ኃይል ይገድለዋል። ማሳዎቹን ሲጎበኙም ከጤነኛው ጀምሮ በታመመው መጨረስ ይገባል።

8. ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የምናቀርበው ሐሳብ

የቦት ግዢ በየግሉ ሲሆን ገበሬው የሚያገኘው ሱቁ ያመጣለትን ቁጥርና ጥራት ብቻ ነው። በጋራ ሲሆን ግን ማኅበሩ ቁጥሩን፣ ስፋቱንና ዓይነቱን ራሱ ይወስናል፤ ጉድለት ያለበትንም ይመልሳል። ስለዚህ የሚከተለውን እንጠቁማለን።

በኅዳርና በታኅሣሥ፣ የቡና ገንዘብ በእጅ ባለበት ወቅት፣ በየቀበሌው የልኬት ቀን ይወሰን። የልማት ሠራተኛው የእያንዳንዱን ቤተሰብ ልክ በመዝገብ ይጻፍ። በጥር የግዢ ኮሚቴው ናሙና አስመጥቶ ያስፈትሽ፣ ከዚያም በማኅበሩ ወይም በዩኒየኑ በኩል ይዘዝ። በየካቲት፣ ዝናቡ ከመጀመሩ በፊት፣ ይከፋፈል። ዋጋውን በአንድ ጊዜ መክፈል የማይችል አባል በጠቅላላ ጉባኤ ውሳኔ መሠረት ከሚያስረክበው እሸት ቡና ላይ በ2 የለቀማ ወቅት ተቀናሽ ቢደረግለት ሸክሙ ይቀላል። ገጀራና ጆንያ በዚህ መንገድ ሊሰጥ ከቻለ ቦት የማይሰጥበት ምክንያት የለም።

በማጠቢያ ጣቢያ፣ በችግኝ ጣቢያና በርጭት ሥራ ላይ የተቀጠሩ ሠራተኞች ጉዳይ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ለእነርሱ ማኅበሩ አሠሪ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ ለሠራተኛው የአደጋ መከላከያ ልብስና መሣሪያ እንዲያቀርብ ያዛል። ስለዚህ ቦታቸው ከደመወዛቸው ሊቆረጥ አይገባም፤ የጣቢያው የሥራ ወጪ ነው። በቡና ገለፈትና በሚያቦካ ውኃ ውስጥ ሙሉ ቀን የሚቆም ሰው ባዶ እግሩን እየዋለ የታጠበ ቡና ጥራት ማውራት አይቻልም።

ማኅበሩ በመሰብሰቢያው በር ላይ ብሩሽና የውኃ በርሜል፣ ከጎኑም የቦት መስቀያ ችካል ቢተክል ትምህርቱ ያለ ብዙ ንግግር ይሰጣል።

ማጠቃለያ

አንድ የልማት ሠራተኛ ቦቱን አድርጎ በጭቃ ላይ ይቆማል፤ በዙሪያው የቆሙት ገበሬዎች ባዶ እግራቸውን ናቸው። እርሱ ስለ ግርዛት፣ ስለ ጥላ ዛፍና ስለ ቀይ ቡና አለቃቀም ያስተምራል። የሚናገረው ሁሉ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም አድማጩ መሬቱን የሚረግጥበት እግር የዚያ ትምህርት ክፍል ካልሆነ ትምህርቱ ጎዶሎ ነው። ቡናውን የሚያለማው ሰው ነው፤ ሰውም የሚቆመው በእግሩ ነው። በመጪው የማኅበራችሁ የዕቃ ዝርዝር ላይ ከገጀራውና ከጆንያው ቀጥሎ ቦት ጫማ በቁጥሩና በስፋቱ ተጽፎ እንድናይ እንመኛለን። ለዚህም የሚያስፈልገው የመጀመሪያው ሥራ አንድ ወረቀት፣ አንድ ማስመሪያና አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው።